በእጅ በሚሠራ ባለመስኮት የጊታር ራስ ላይ የክር መውረጃ ስለ መቅረጽ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ፒያሳ ወደሚገኘው አነስተኛ የጊታር ሥራ ቤታችን የሚመጡ ሰዎች ስለ ክር መውረጃ የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ከዓመት ዓመት ስለማይለያዩ፣ በቃል ስመልስ የኖርኩትን እዚህ በጽሑፍ አስፍሬዋለሁ። ጠያቂዎቹ በአብዛኛው የመጀመሪያ ጊታራቸውን በእጃቸው የሚሠሩ የእንጨት ባለሙያዎች ናቸው፤ ስድስተኛው ክር አልቃኝ ብሎ ያስቸገራቸው ተጫዋቾችም ጥቂት አይደሉም።

የክር መውረጃ የሚባለው የትኛው የጊታር ክፍል ነው?

በክላሲክ ጊታር ራስ ላይ ከፊት እስከ ጀርባ ዘልቀው የተቆረጡ ሁለት ረዣዥም ክፍተቶች አሉ፤ እኛ መስኮት እንላቸዋለን። በእያንዳንዱ መስኮት ውስጥ ሦስት የመቃኛ ዘንጎች ከጎን ገብተው ይቀመጣሉ፣ ክሮቹም በእነዚህ ዘንጎች ላይ ይጠመጠማሉ። ክሩ በአንገቱና በራሱ መገናኛ ላይ ከተቀመጠችው የአጥንት ቁራጭ፣ ማለትም ከነቱ ተነሥቶ ከራሱ ፊት በታች ወዳለው ዘንግ ሲወርድ፣ በመስኮቱ አፍ ላይ ባለው የእንጨት ጠርዝ በኩል ማለፍ ግድ ይለዋል። ያ ጠርዝ ክሩን እንዳይነካው ከነቱ በኩል ወደ መስኮቱ እያዘቀዘቀ የሚጠረበው ተዳፋት የክር መውረጃ ይባላል። ለእያንዳንዱ መስኮት አንድ፣ በጠቅላላው ሁለት መውረጃ ይኖራል። በእንጨት ችንካር የሚቃኘው የቀድሞው የፍላሜንኮ ጊታር ራሱ ድፍን ስለሆነ ይህ ክፍል የለውም።

ክሩ ጠርዙን ቢነካ ምን ችግር ያመጣል?

ዋናው ችግር በቅኝት ላይ ይታያል። ክሩ በነቱ ላይ ብቻ መታሸት ሲገባው በእንጨቱ ጠርዝ ላይም የሚታሽ ከሆነ፣ መቃኛውን ሲያዞሩት በነቱና በዘንጉ መካከል ያለው የክሩ ክፍል ብቻ ይጠብቃል፤ የሚጮኸው ክፍል ግን ባለበት ይቆያል። ጥቂት ቆይቶ ክሩ በድንገት ሸርተት ይልና ድምፁ ካሰቡት በላይ ይዘላል። ተጫዋቹ መቃኛውን ወይም ክሩን ይወቅሳል፤ ሁለቱም ግን ጤነኞች ናቸው።

አንድ ቀን አንድ ተማሪ ሦስት ጊዜ ክር ለውጦለት ያልተሻለውን ጊታር ይዞ መጣ። የጊታሩን ራስ ወደ ቤቱ መስኮት ብርሃን አዘንብዬ ብመለከተው በስድስተኛው ክር ሥር፣ በመስኮቱ ጠርዝ ላይ፣ በምስማር የተጫረች የምትመስል ቀጭን ቦይ ተቀርጻለች፤ በቦይዋ ውስጥም ቀይ የመዳብ ዱቄት ተጠራቅሟል። የክላሲክ ጊታር ሦስቱ ወፋፍራም ክሮች ውስጣቸው የናይሎን ድር፣ ላያቸው ደግሞ በብር የተለበጠ የመዳብ ሽቦ ነው፤ ስለዚህ ጠርዙ ብሩን ፍቆ መዳቡን መብላት ጀምሯል ማለት ነው። እንዲህ ያለው ክር ሽቦው ይላላና በዚያው ቦታ ይበጠሳል።

ሌላው ጉዳት ንዝረት ነው። ክሩ ጠርዙን ሳይጫን ለትንሽ ብቻ ሲጠጋው፣ አንዳንድ ኖታ ሲመታ ከራሱ በኩል ጥዝ የሚል ድምፅ ይሰማል። በበገና ላይ እንዝራ የሚባለው የቆዳ ቁራጭ ክሩን እየነካ የሚያወጣው ጥዝታ የመሣሪያው ነፍስ ነው፣ ታስቦበትም ይቃኛል፤ በጊታር ራስ ላይ የሚሰማው ግን የማንም ፍላጎት ያልሆነ ጉድለት ነው።

የመውረጃው ጥልቀትና ርዝመት እንዴት ይለካል?

ልኬቱ የሚወሰደው ከክሩ ነው። ከሌላ ጊታር ፎቶግራፍ ወይም ከተገዛ ንድፍ የሚገለበጥ መውረጃ አልፎ አልፎ ቢሳካም እንኳ የሚሳካው በአጋጣሚ ነው፤ ምክንያቱም የራሱ ውፍረት፣ የነቱ ከፍታ፣ የዘንጉ ጥልቀትና የመስኮቱ መነሻ ከጊታር ጊታር ይለያያሉ፣ ከእነዚህ አንዱ ሲለወጥ ደግሞ የክሩ መንገድ አብሮ ይለወጣል።

በቅርቡ የሠራሁትን አንድ አንገት ለምሳሌ ልውሰድ። ራሱ ወደ ኋላ የተጋደለው በ15 ዲግሪ ነው። ውፍረቱ ፊቱ ላይ ከተለጠፈው ቬኒር፣ ማለትም ከስሱ የእንጨት ልባስ ጋር 20 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ የዘንጎቹ እምብርት ከፊቱ 10 ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሎ ይገኛል። የዘንጉ ውፍረት 10 ሚሊ ሜትር ስለሆነ የላይኛው ጀርባው ከፊቱ 5 ሚሊ ሜትር በታች ይውላል። ክሩ ከነቱ ሲነሣ ከራሱ ፊት 4 ሚሊ ሜትር ከፍ ብሎ ነው። የመጀመሪያው ዘንግ ከነቱ 40 ሚሊ ሜትር ይርቃል፤ በክላሲክ መቃኛዎች ላይ በዘንግና በዘንግ መካከል ያለው የተለመደ ርቀት 35 ሚሊ ሜትር በመሆኑ ሁለተኛው 75፣ ሦስተኛው 110 ሚሊ ሜትር ላይ ይሆናሉ። መስኮቱ የሚጀምረው ከነቱ 25 ሚሊ ሜትር ላይ ነው።

እንግዲህ በመጀመሪያው ዘንግ ላይ የሚጠመጠመው ክር ከ4 ሚሊ ሜትር ከፍታ ተነሥቶ ወደ 5 ሚሊ ሜትር ጥልቀት፣ ማለትም በ40 ሚሊ ሜትር ጉዞ ውስጥ 9 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። በመስኮቱ አፍ ላይ ሲደርስ 5.6 ሚሊ ሜትር ያህል ስለወረደ ከራሱ ፊት 1.6 ሚሊ ሜትር በታች ነው፤ መውረጃ ባይኖር ኖሮ እንጨቱ ውስጥ መግባት ነበረበት። ወደ ሁለተኛው ዘንግ የሚሄደው ክር ግን በዚያው ቦታ ላይ ገና 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለወረደ ከፊቱ 1 ሚሊ ሜትር ከፍ ብሎ ያልፋል፤ ወደ ሦስተኛው የሚሄደውም 2 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይሻገራል።

ከዚህ ስሌት ብዙ ሠሪዎች የማያስተውሉት አንድ ነገር ይወጣል፦ መውረጃው በእርግጥ የሚያስፈልገው ለነቱ ቅርብ በሆኑት ዘንጎች ላይ ለሚጠመጠሙት ለአንደኛውና ለስድስተኛው ክር ነው። የቀሩት አራቱ ከጠርዙ በላይ ያልፋሉ። ስለዚህ ሲለኩም ሲፈትሹም ዓይንዎን በእነዚህ ሁለት ክሮች ላይ ያድርጉ።

እኔ በክሩ ሆድና በእንጨቱ መካከል 1.5 ሚሊ ሜትር ክፍተት እተዋለሁ። ይህን ስንጨምርበት በምሳሌው አንገት ላይ መውረጃው ከነቱ 11 ሚሊ ሜትር ርቆ ይጀምርና በመስኮቱ አፍ ላይ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ጥልቀት ይኖረዋል። አንባቢ ይህን ቁጥር ለራሱ ጊታር እንዳይወስደው አደራ እላለሁ፤ መውሰድ ያለበት አካሄዱን ነው።

ስሌት ለማይመቸው ሰው ከዚህ የቀለለ መንገድ አለ። በካርቶን ላይ የአንገቱንና የራሱን የጎን ገጽታ በእውነተኛው መጠኑ በእርሳስና በማስመሪያ ይሳሉት፤ ነቱንና የመጀመሪያውን ዘንግ በየቦታቸው ያስቀምጡና ከነቱ ጫፍ እስከ ዘንጉ ጀርባ አንድ መስመር ያስምሩ። መስመሩ የራሱን ፊት አቋርጦ የሚገባበት ቦታና በመስኮቱ አፍ ላይ የሚኖረው ጥልቀት ወዲያው ይታይዎታል። ካርቶኑን ቆርጠው ካስቀሩት ደግሞ በሥራው መሐል እንደ መለኪያ ያገለግልዎታል።

መውረጃው መቼ ነው መቅረጽ ያለበት?

ቬኒሩ ከተለጠፈ፣ የዘንጎቹ ቀዳዳዎች ከተበሱና መስኮቶቹ ከተከፈቱ በኋላ፣ ፍሬትቦርዱ፣ ማለትም ጣት ክሩን የሚጫንበት የአንገቱ ሰሌዳ ግን ከመለጠፉ በፊት ነው። ፍሬትቦርዱ ቦታውን ከያዘ ጫፉ ከራሱ ፊት ከፍ ብሎ ስለሚቆም የመሮው እጀታ እንደልብ ዝቅ አይልም፤ መሮው ሽቅብ በተነሣ መጠን ደግሞ ተዳፋቱ ካሰቡት በላይ ቀጥ ያለ ይሆናል። ነቱ በዚህ ጊዜ ገና ስለሌለ፣ በፍሬትቦርዱና በነቱ ከፍታ ልክ የተቆረጠች የእንጨት ቁራጭ በቦታው አስቀምጠው ክር ይዘርጉ። የዘንጎቹን ቀዳዳ መስኮቱ ሳይከፈት መብሳት የሚመረጠውም ድፍን እንጨት ትራፓኖውን ቀጥ አድርጎ ስለሚመራው ነው።

የመውረጃው ወለል ክብ ይሁን ወይስ ጠፍጣፋ?

ይህ ጥያቄ የውበት ይመስላል፤ ግን የክሩንም ነገር ይነካል። የመስኮቱ ጫፍ በመሰርሰሪያ ስለሚከፈት ግማሽ ክብ ነው፣ አብዛኛው ሰውም መውረጃውን በተመሳሳይ ክብ ሞረድ ሲቀርጸው ከመስኮቱ ጋር ስለሚስማማለት ደስ ይለዋል። እኔም እወደዋለሁ። ነገር ግን ወለሉ እንደ ገበቴ የጎደጎደ ስለሆነ ጥልቅ የሚሆነው መካከሉ ላይ ብቻ ነው፤ አንደኛውና ስድስተኛው ክር ደግሞ በመካከል አያልፉም፣ ወደ ውጭኛው የመስኮቱ ጎን ጠጋ ብለው ነው የሚወርዱት።

15 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው መስኮት ላይ 3 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ያለው ክብ መውረጃ ቢቀርጹ፣ በአፉ ላይ የሚኖረው ስፋት 12 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ከመካከሉ 4 ሚሊ ሜትር ወጣ ብሎ በሚያልፈው ክር ሥር ያለው ጥልቀት ደግሞ ወደ 2 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። ሠሪው መካከሉን ለክቶ 3 ሚሊ ሜትር አገኘሁ ሲል ክሩ ካሰበው ክፍተት ከግማሽ በላዩን አጥቷል። ብዙ ክብ መውረጃዎች በጣም ጠልቀው የምናያቸው አንድም ለዚህ ነው፤ ክቡ የመስኮቱን ሙሉ ስፋት እንዲይዝ ከተፈለገ ጥልቀቱ እስከ 7.5 ሚሊ ሜትር መድረስ አለበትና።

ስለዚህ የኔ ምርጫ ወለሉ ጠፍጣፋ፣ ሁለቱ ጎኖቹ በወለሉ ላይ ሲያርፉ በትንሹ የተጎደጎዱ መውረጃ ነው። የመስኮቱን ሙሉ ስፋት ከሚይዝ ክብ ይልቅ ያነሰ እንጨት ይወስዳል፣ ክሩ በየትኛውም ጎን ቢያልፍ እኩል ክፍተት ይሰጠዋል። ክብ የሚመርጥ ሰው ቢኖር አልከራከረውም፤ ጥልቀቱን ግን በመካከሉ ሳይሆን በክሩ ሥር ይለካ።

ለእያንዳንዱ ክር ለየብቻው ቦይ የሚቀርጹም አሉ። ሥራው ንጹሕ ሲሆን ያምራል፤ ይሁን እንጂ ክሩ በዘንጉ ላይ ሲጠመጠም ወደ ግራም ወደ ቀኝም ሊሸሽ ስለሚችል፣ ጠባብ ቦይ በጎኑ ሊይዘው ይችላል።

በራውተር (እንጨት በሚቦረቡር የኤሌክትሪክ መሣሪያ) ሳይሆን በእጅ ለመቅረጽ ምን ያስፈልጋል?

የተሳለ 10 ሚሊ ሜትር መሮ፣ ባለ 6 ሚሊ ሜትር ክብ ሞረድ፣ አንድ ጠፍጣፋ ለስላሳ ሞረድ፣ ስለታም ቢላ፣ እርሳስ፣ እስኳድራ፣ ካሊብሮና የብርጭቆ ወረቀት ይበቃሉ። ሞረዶቹን አዲስ መግዛት ግዴታ አይደለም። መርካቶ ምናለሽ ተራ በትዕግሥት የፈለገ ሰው ጥርሳቸው ያልሞተ አሮጌ ሞረዶች ያገኛል፤ ሲመርጡ ጥርሱን በአውራ ጣት ጥፍርዎ ላይ ቀስ አድርገው ይሞክሩት፣ የሚይዝ ከሆነ ገና ይሠራል።

ራውተር የሚጠቅመው በተመሳሳይ ልክ ብዙ ራሶችን ለሚሠራ ሰው ነው። ለአንድ ጊታር ሲባል አቅጣጫ ማስያዣውን ለማበጀት የሚወስደው ጊዜ ሁለቱን መውረጃዎች በእጅ ከመጨረስ ይበልጣል፤ መብራት በሄደም ጊዜ መሮው ሥራውን አያቋርጥም።

የአሠራሩ ቅደም ተከተል ምንድን ነው?

አንገቱን በሞርሳ ሲያስሩ በጥርሶቹ መካከል ቆዳ ያስገቡ፤ የተጨመቀ ዋንዛ ወይም ሴድሮ የሚባለው ለስላሳ የአንገት እንጨት የሞርሳውን ምልክት በቀላሉ አይለቅም። ከዚያ የመስኮቱን አፍ የሚሞላ የእንጨት ቁራጭ ጠርበው በመስኮቱ ውስጥ፣ መውረጃው በሚያልቅበት ጫፍ ላይ አጥብቀው ያስገቡት። መሮው ከመውረጃው ወጥቶ ወደ መስኮቱ ሲያልፍ የመጨረሻዎቹን ጅማቶች ገንጥሎ እንዳይሄድ የሚደግፍለት ይህ ቁራጭ ነው። ይህን ሳያደርጉ የጀመሩ ሰዎች የመስኮቱን አፍ ከንፈሩ የተሸረፈ ስኒ አስመስለው ሲያመጡልኝ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

የመውረጃውን መነሻ መስመርና ሁለቱን ጎኖች መጀመሪያ በእርሳስ፣ ቀጥሎ በቢላ ያስምሩ። ቢላው የቬኒሩን ጅማት አስቀድሞ ስለሚቆርጥ፣ መሮው ከመስመሩ አልፎ የሚፈነቅለው ነገር አያገኝም። ጠቆር ባለ ቬኒር ላይ የእርሳስ መስመር ስለማይታይ ነጭ የወረቀት ፕላስተር ለጥፈው በላዩ ላይ ማስመር ይቻላል።

ጠረባው ሁልጊዜ ቁልቁል ነው፤ ከነቱ በኩል ተነሥቶ ወደ መስኮቱ ይወርዳል። የእንጨቱ ጅማት ከራሱ ፊት ጋር ትይዩ ስለሚሄድ፣ ከመስኮቱ ተነሥተው ወደ ነቱ ሽቅብ ቢገፉ መሮው በጅማቶቹ መካከል ሰርጎ ገብቶ እንጨቱን ይሰነጥቀዋል። መጀመሪያ ከመስኮቱ አፍ አጠገብ አጭር ተዳፋት ይጥረቡ፤ ቀጥሎ ከዚያ ትንሽ ወደ ኋላ ይነሡና በተከታታይ ቀጫጭን ልጣጭ እያወጡ ወደ መነሻው መስመር ይቅረቡ። ልጣጩ ብርሃን የሚያሳልፍ ያህል ስስ ከሆነ መሮዎ ተስሏል፤ ዱቄት ወይም ስብርባሪ ከሆነ ግን ቆም ብለው ይሳሉት። መዶሻ ለዚህ ሥራ አያስፈልግም፣ በመዳፍ መግፋት በቂ ነው።

ከመስመሩና ከታሰበው ጥልቀት ግማሽ ሚሊ ሜትር ሲቀር መሮውን ያስቀምጡና ወደ ሞረድ ይለፉ። ጠፍጣፋው ወለሉን፣ ክቡ ሁለቱን ጥጎች ያስተካክላል። ሞረድ ወደፊት ሲገፋ እንጂ ወደ ኋላ ሲሳብ አይቆርጥም፤ ሲመልሱት ከእንጨቱ ያንሡት። አንዱን መውረጃ ጨርሰው ወደ ሌላው ከመሄድ ይልቅ ከግራ ጥቂት፣ ከቀኝ ጥቂት እያሉ ሁለቱን አብረው ያሳድጓቸው፤ ዓይን በሁለት ጎን ለጎን በተቀመጡ ቅርጾች መካከል ያለውን ልዩነት እንደ ጉድ ያያል። ከጎን በሚመጣ ብርሃን፣ ለምሳሌ በማለዳ ከቤቱ መስኮት አጠገብ፣ ጉብታና ጎድጓዳው ራሱን ያጋልጣል።

በመጨረሻ የብርጭቆ ወረቀቱን በጠፍጣፋ የእንጨት ቁራጭ ላይ ጠቅልለው ከ120 ቁጥር ጀምረው በ180 እና በ240 አልፈው በ320 ይጨርሱ። ወረቀቱን በጣት ብቻ ይዞ ማሸት የቬኒሩን ጠርዝ ያንከባልለውና ያ ሁሉ የቢላ መስመር ከንቱ ይቀራል።

መውረጃው ወደ ነቱ ምን ያህል ሊጠጋ ይችላል?

ክሩ ከሚፈልገው በላይ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይጠጋ። አንገቱ ከራሱ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ከጊታሩ ሁሉ ይበልጥ በቀላሉ የሚሰበር ነው፤ ጊታር ከወንበር ላይ ወድቆ ራሱ ሲገነጠል ስንጥቁ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው፣ ከነቱ ጀርባ ይጀምራል። የናይሎን ክሮች በአንድነት ወደ 40 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ጫና በዚህ ቦታ ላይ ቀን ከሌት ያሳርፋሉ።

የመጀመሪያ ጊታሬን ስሠራ መውረጃውን ከነቱ 5 ሚሊ ሜትር ብቻ አርቄ፣ ለዓይን እንዲያምር ብዬ እስከ መስኮቱ ግማሽ ጥልቀት አወረድኩት። በዚያ ላይ አንገቱን ከአንድ ወጥ እንጨት ስለቆረጥኩት በራሱ ላይ ያለው ጅማት ከፊቱ ጋር ትይዩ መሆኑ ቀርቶ በአግድሞሽ ያልቅ ነበር። ክር በተወጠረበት በስምንተኛው ወር በግራው መውረጃ ሥር ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ታየች። ራሱን በሰያፍ መገጣጠሚያ ቆርጦ በኮላ የሚያያይዝ ሠሪ ጅማቱ ራሱን ተከትሎ እንዲሄድ ስለሚያደርግ ከዚህ አደጋ ይርቃል፤ ያም ሆኖ መውረጃውን መቆጠብ አለበት።

ዋንዛ፣ ዝግባና ወይራ ለዚህ ሥራ ይሆናሉ?

ዋንዛ በሚገባ የደረቀ ከሆነ ለአንገት ይሆናል፤ መሮ ይቀበላል፣ ልጣጩም ያለ ግትርነት ይወጣል። ጅማቱ አንዳንዴ ስለሚጠላለፍ ግን በተዳፋቱ መሐል አቅጣጫ የሚለውጥ ቦታ ሊያጋጥም ይችላል፤ እዚያ ላይ መሮውን ትቶ በሞረድ መቀጠል ይሻላል። ዝግባ ለስላሳና ቀጥ ያለ ነው፤ የመስኮቱ አፍ ግን በቀላሉ ይሸረፋል። ወይራ ለአንገት ከባድ ነው። ሁለት ሚሊ ሜትር ሆኖ ለራስ ቬኒር ሲለጠፍ ግን ጥቁርና ቡናማ መስመሩ በመውረጃው ጫፍ ላይ ከሥሩ ካለው ፈዛዛ እንጨት ጋር ሲገናኝ የሚፈጥረው ቅስት ዓይን ይስባል። ጥንካሬው ብዙ ስለሆነ መሮውን በየአሥር ደቂቃው መሳል ይጠይቃል።

ከክረምት ማግሥት በቂ ጊዜ ያልደረቀ እንጨት ላይ አይጀምሩ። የአዲስ አበባ አየር ከጥቅምት በኋላ በጣም ስለሚደርቅ እርጥብ ሆኖ የተቀረጸ ራስ ይጣመማል፤ ከሁሉ አስቀድመው የሚጠብቡት ደግሞ የዘንጎቹ ቀዳዳዎች ናቸው።

ስቀርጽ የቬኒሩ ጠርዝ ተሸረፈ፤ ምን ላድርግ?

ስብርባሪውን ፈልገው ያግኙት፤ መሬት ላይ ከወደቀ ሥራውን አቁመው ይፈልጉ። በጥርስ መፋቂያ ጫፍ ጥቂት ኮላ ቀብተው ወደ ቦታው ይመልሱትና በፕላስተር አስረው እስከ ነገ ይተዉት። ከጠፋ ከዚያው ቬኒር ትርፍራፊ የጅማቱን አቅጣጫ አመሳስለው ይተኩለት። የእንጨት ዱቄትን ከኮላ ጋር ለውሶ መሙላት ከሩቅ ቢሸፍንም ቀለም ሲነካው ጠቁሮ ይታያል።

በተሠራና ክር በተወጠረ ጊታር ላይ ክሩ ጠርዙን ቢነካስ?

ሞረድ ከማንሣትዎ በፊት ክሩ በትክክል መጠምጠሙን ይዩ። ክሩ በዘንጉ ጀርባ ላይ፣ ማለትም በላዩ ማለፍ አለበት። በስሕተት በሥሩ ከተጠመጠመ በምሳሌያችን 10 ሚሊ ሜትር ተጨማሪ ስለሚወርድ የትኛውም ደኅና መውረጃ አያድነውም። ከሚመጡልኝ ጊታሮች ውስጥ ክሩን አውጥቶ በትክክል በመጠምጠም ብቻ የሚድኑ አሉ፤ ለእነዚህ ባለቤቶች ሞረድ ሳላነሣ ማሰናበት ያስደስተኛል። ቀጥሎ ክሩ ወደ የት እንደሚሸሽ ያረጋግጡ፤ ጥምጥሙ ወደ መስኮቱ ግድግዳ ከተጠጋ የሚነካው ጎኑን እንጂ ወለሉን ላይሆን ይችላል።

ከዚህ ሁሉ በኋላም የሚነካ ከሆነ ክሩን አላልተው በጎን ያዙሩት፣ የራሱን ፊት በካርቶን ይሸፍኑና በክብ ሞረድ በዚያ ክር ሥር ብቻ ጥቂት ይውሰዱ። ሁለት ሦስት ጊዜ ገፍተው ክሩን መልሰው ይሞክሩ።

ለብረት ክር ጊታርም ልኬቱ አንድ ነው?

አካሄዱ አንድ ነው፤ ውጤቱ ግን ይለያል። ለብረት ክር የሚሠሩት የመስኮት ዘንጎች 6 ሚሊ ሜትር አካባቢ ቀጭን ስለሆኑ ጀርባቸው ከራሱ ፊት ይበልጥ ይርቃል፣ ክሩም ይበልጥ ቁልቁል ይወርዳል። በዚያ ላይ የብረት ክሮች ጠቅላላ ጫና ከ70 ኪሎ ግራም በላይ ስለሚሆን ጠርዙን ከነኩ እንደ ሴጌቶ ይቆርጡታል። ክፍተቱን ወደ 2 ሚሊ ሜትር ማሳደግ ተገቢ ነው፤ ከነቱ ጀርባ የሚቀረውን እንጨት ግን ከናይሎኑ ይበልጥ መቆጠብ ያስፈልጋል።

መውረጃው በቀለም ወይም በፖሊሽ ይሸፈን?

አዎን። ባዶ የተተወ ጫፍ እርጥበት ይጠጣል፣ ከእጅ የሚመጣው ላብም ያጠቁረዋል። በስፒሪቶ የተሟሟ ሼላክ የሚባል ሙጫ በትንሽ ብሩሽ ሁለት ሦስት ጊዜ ስስ አድርጎ መቀባት ይበቃል። ወፍራም ቨርኒሽ በጥጎቹ ተጠራቅሞ የለፉበትን ቅርጽ ይደፍነዋል።

ሥራው መሳካቱን በምን አረጋግጣለሁ?

የጽሕፈት ወረቀት በጠባቡ ቆርጠው፣ ጊታሩ ሙሉ በሙሉ ከተቃኘ በኋላ በአንደኛውና በስድስተኛው ክር ሥር ከመስኮቱ በኩል ወደ ነቱ ያንሸራትቱት። ወረቀቱ ሳይያዝ እስከ መውረጃው መነሻ ከሄደ ክሩ ነፃ ነው። ከዚያ ስድስተኛውን ክር ግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርገው መቃኛውን በዝግታ ወደ ላይ ይመልሱት፤ ድምፁ ሳይዘል፣ ከራሱ በኩልም ጢን የሚል ነገር ሳይሰማ፣ እንደሚፈስስ ውኃ ወደ ቦታው መውጣት አለበት። አሁንም የሚዘል ከሆነ መውረጃውን ትተው ወደ ነቱ ይሂዱ፦ የክሩ ቦይ ወደ ራሱ በኩል ማዘቅዘቁን፣ ስፋቱም ክሩን አለመቆንጠጡን ይመልከቱ። አጥንቱን ከልኳንዳ ቤት ካመጡት የበሬ ቅልጥም ራስዎ ከቀረጹት ደግሞ በቦይው ውስጥ የቀረ ሸካራ ቦታ ይኖር ይሆናል፤ በ600 ቁጥር ወረቀት የተጠቀለለ ቀጭን ክር ሁለት ሦስት ጊዜ ያስኪዱበትና እንደገና ይቃኙት።